ፋይሉ ሳይነካ ገጹ የተለወጠበት ምክንያት፤ የኦርግ ሞድ 8ኛ ዕትም ታሪክ

በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ነገር ዕድሜው ረዥም ነው ይባላል። በዚህ አባባል የሚተማመኑ ብዙ ተማሪዎችና መምህራን የመመረቂያ ድርሰታቸውንና የምርምር ማስታወሻቸውን ምንም ጌጥ በሌላቸው ፊደሎች ብቻ ይጽፋሉ፤ ለማተም በፈለጉ ጊዜም አንድ መሣሪያ ያንኑ ጽሑፍ ወደ መጽሐፍ ገጽ ወይም ወደ ድረ ገጽ እንዲለውጥላቸው ያዛሉ። መሣሪያው በታደሰ ማግስት ግን ትናንት ተስተካክሎ ይወጣ የነበረው ድርሰት ዛሬ ሥዕሉ ከልኩ ሰፍቶ፥ የገጹ ቀለም ጠፍቶ፥ ወይም ለማተሚያው ብቻ የተጻፈው ትእዛዝ በአንባቢ ፊት ተገልጦ ይወጣል። ጸሐፊው ከፋይሉ አንዲት ነጥብ እንኳ አልነካም። እንግዲህ የተለወጠው ምንድን ነው? በምንስ መንገድ ሊገኝ ይችላል? ይህን ጥያቄ ኦርግ ሞድ በተባለው መሣሪያ ላይ በ2013 እና ከዚያም በኋላ በደረሰው ለውጥ አማካይነት ልንመረምረው አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የቃላቱን ትርጕም ማስታወቅ ይገባል። ተራ ጽሑፍ የምንለው ፊደልና ጥቂት ምልክት ብቻ ያለበትን ፋይል ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ የፊደል መጠን፥ ቀለም፥ የገጽ ጠርዝ የሚባል ነገር የለም። በኦርግ ሞድ የሚጽፍ ሰው አርእስት እንዲሆን የፈለገውን መስመር በኮከብ ይጀምረዋል፤ አጋድሎ እንዲታተም የፈለገውን ቃል በሁለት ያዘነበሉ ጭረቶች መካከል ያስገባዋል። ማውጣት የምንለው ደግሞ ባለሙያዎቹ ኤክስፖርት የሚሉትን ሥራ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው እነዚህን ምልክቶች አንብቦ፥ ለማተሚያ ወይም ለድረ ገጽ የሚስማማ ሌላ ፋይል መሥራቱ ነው። እንግዲህ ኮከቡ በፋይሉ ውስጥ ይገኛል፤ «ኮከብ ማለት አርእስት ማለት ነው» የሚለው ትርጕም ግን በፋይሉ ውስጥ አይገኝም። እርሱ ያለው በመሣሪያው ዘንድ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ቢይዝልን የቀረው ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ መሆኑን ያያል።

ኦርግ ሞድ የተጀመረው በ2003 ነው። የጀመረው ካርስተን ዶሚኒክ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሲሆን፥ ሐሳቡም በኢማክስ ውስጥ ማስታወሻውንና የሥራ ዕቅዱን በአንድነት ለመያዝ ነበር። ኢማክስ ራሱ ከዚያ በጣም የቈየ የጽሕፈት ፕሮግራም ነው፤ ጥንቱ በ1970ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጀምሮ፥ ዛሬ የሚሠራበትን ጂኤንዩ ኢማክስ ሪቻርድ ስቶልማን ከ1984 ጀምሮ ጻፈው። ኦርግ ቶሎ ስለ ተወደደ በ2007 የወጣው የኢማክስ 22ኛ ዕትም በውስጡ ይዞት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኦርግ ሁለት ቤት አለው፤ አንደኛው ከኢማክስ ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣው ነው፤ ሁለተኛው የኦርግ ሠራተኞች ለብቻው የሚያወጡትና በዕድሜ የሚቀድመው ነው። ይህ ነገር ኋላ ለደረሰው ችግር አንዱ ምክንያት ስለ ሆነ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

ዶሚኒክ ኦርግን ሲጀምር መጽሐፍ ማተሚያ ይሆናል ብሎ አልነበረም። የማውጣቱ ሥራ የተጨመረው ተጠቃሚዎች በየጊዜው ስለ ለመኑ ነው። ለድረ ገጽ ኤችቲኤምኤል የሚያወጣ ክፍል ተሠራ፤ ለመጽሐፍ ላቴክ የሚያወጣ ሌላ ክፍል ተሠራ፤ ለዶክቡክ ሌላ፥ ለተራ ጽሑፍም ሌላ። እነዚህ አውጪዎች የጽሑፉን ምልክቶች በአብዛኛው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ያነብቡ ነበር። አንዱ ደብዳቤ የጋራ መዝገበ ቃላት ለሌላቸው አራት አስተርጓሚዎች ቢሰጥ የሚሆነውን ማሰብ ይቻላል፤ ዝርዝር ውስጥ የገባ ሠንጠረዥ ለአንዱ ሠንጠረዥ ሆኖ ለሌላው ተራ መስመር ሊሆን ይችል ነበር። ስሕተቱን በአንዱ አውጪ ማረም በሌላው ማረም ስላልሆነ ሥራው ማለቂያ አልነበረውም።

ይህን ነገር ከሥሩ ለመለወጥ የተነሣው ኒኮላ ጉዋዚኡ ነው። እርሱ በመጀመሪያ አውጪዎቹን ትቶ ንባቡን ያዘ። ፋይሉን ሁሉ አንድ ጊዜ አንብቦ አርእስቱን፥ አንቀጹን፥ ዝርዝሩን፥ ሠንጠረዡን እንደ ዛፍና ቅርንጫፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ አንድ ተንታኝ ክፍል ጻፈ። ቀጥሎም ማንኛውም አውጪ ጥሬውን ጽሑፍ ማንበቡን ትቶ ከዚህ ዛፍ እየወሰደ እንዲሠራ አደረገ። ኦርግን ከ2011 ጀምሮ ይጠብቅ የነበረው ባስቲያን ጌሪ ይህን ሥራ ተቀበለው፤ በኤፕሪል 2013 የወጣው የኦርግ 8.0 ዕትምም በዐዲሱ መሠረት ላይ ቆሞ ወጣ። ሥራው ትልቅና ያስፈለገ ነበር። «የሚሠራን ነገር ለምን ነኩት?» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። አራት አስተርጓሚ እያንዳንዱ የየራሱን ትርጕም በሚሰጥበት ቤት ጽሑፉ «ይሠራ ነበር» ማለት ያስቸግራል።

ነገር ግን ዋጋ ተከፍሎበታል፤ የከፈሉትም በአብዛኛው ጸሐፊዎቹ ናቸው። ለውጦቹን እናያለን። ለላቴክ የሚደረጉት የማስተካከያ ስሞች ቀድሞ «ኦርግ ኤክስፖርት ላቴክ» በሚል ሐረግ ይጀምሩ የነበሩት «ኦርግ ላቴክ» በሚል አጭር ሐረግ እንዲጀምሩ ተደረገ። የድረ ገጹን ጌጥ ለማዘዝ በፋይሉ ራስ ላይ «ስታይል» ተብሎ ይጻፍ የነበረው መስመር ቀርቶ «ኤችቲኤምኤል ሄድ» የሚል ተተካ። የሥዕልን ስፋት ለላቴክ ለመንገር ቀድሞ ስሙና ልኩ በእኩልታ ምልክት ተያይዘው ይጻፉ ነበር፤ ከ8.0 በኋላ ግን ስሙ በሁለት ነጥብ ተጀምሮ ልኩ ከባዶ ቦታ በኋላ ይከተላል። በአንድ ፋይል ውስጥ ብቻ የሚጸና ማስተካከያ የሚታሰርበት «ባይንድ» የተባለው መስመርም ተጠቃሚው አስቀድሞ ካልፈቀደለት በስተቀር እንዳይሰማ ሆነ፤ ይህ የተደረገው ከሌላ ሰው የመጣ ፋይል የራስን ማሽን እንዳያዝዝ ለመጠንቀቅ ነውና ያስመሰግናል። የዶክቡክ አውጪ ፈጽሞ ቀረ። የማውጫው ትእዛዝ የሚሰጥባቸው የቍልፍ ፊደሎች እንኳ ተለወጡ፤ ቀድሞ በአንድ ፊደል የሚፈጸመው አሁን በሁለት ፊደል ሆነ፤ የመጀመሪያው ፊደል አውጪውን፥ ሁለተኛው የሚወጣበትን መንገድ ያመለክታል።

እነዚህን ለውጦች የተመለከተ ሰው ሁሉንም በአንድ ዐይን ማየት የለበትም። ከፊሎቹ የሚጮኹ ናቸው። ዶክቡክ የለመደ ሰው ትእዛዙን በሰጠ ጊዜ መልስ ስለማያገኝ ችግሩን በዚያው ሰዓት ያውቀዋል። የለመደውን ቍልፍ የተጫነ ሰውም ሌላ ሰሌዳ ሲመጣበት ለጊዜው ይናደድ እንጂ አይታለልም። ከፊሎቹ ግን ዝም የሚሉ ናቸው፤ ጥፋት የሚያደርሱትም እነዚህ ናቸው። አሮጌውን «ስታይል» የሚለውን መስመር የያዘ ፋይል በዐዲሱ ዕትም ያለ ምንም ቅሬታ ይወጣል፤ መሣሪያው የማያውቀውን መስመር ስለሚያልፈው ገጹ ጌጡን አጥቶ ይታያል። የላቴክ ማስተካከያውን በድሮው ስም በመነሻ ፋይሉ ውስጥ ያስቀመጠ ሰውም እንዲሁ ነው። ኢማክስ በተጻፈበት ሊስፕ በሚባለው ቋንቋ ማንም ለማያነብበው ስም ዋጋ መስጠት ስሕተት አይባልም። ፕሮግራሙ «ይህን ስም የሚጠይቅ የለም» ብሎ አያስታውቅም፤ ዋጋውን ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፤ የሚፈልገው የለም። ሰውዬው ፋይሉን ደጋግሞ ያነብባል፤ ትእዛዙ በቦታው አለ፤ አጻጻፉም ትናንት እንደ ነበረው ነው። ማስረጃው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተበላሸ ስለሚሆንበት ጥፋቱን ከላቴክ ወይም ከማተሚያው መፈለግ ይጀምራል፤ ቀኑም በዚያ ያልቃል።

አሁን ወደ ሁለቱ ቤቶች ነገር እንመለስ። ኢማክስ 24.3 በማርች 2013 ሲወጣ የያዘው ኦርግ 7.9ኙን ነበር። ኦርግ 8.0 ለብቻው የወጣው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ኢማክስ 24.4 ግን በኦክቶበር 2014 ሲወጣ ኦርግ 8.2ን ይዞ መጣ። ስለዚህ ኦርግን ለብቻው አምጥቶ የሚያድስ ሰው ለውጡን በ2013 አገኘው፤ ዐውቆ የፈለገው ነገር ስለ ሆነም የለውጡን ማስታወቂያ አንብቦ ሊሆን ይችላል። ኦርግን አድሶ የማያውቀው ሰው ግን ማሽኑን በጠቅላላ ባደሰ ጊዜ፥ በ2014 መጨረሻ ወይም ከዚያ በኋላ፥ ሳያውቀው ዐዲሱ አውጪ ቤቱ ገባ። እርሱ ያደሰው ኢማክስን ነው እንጂ ኦርግን ያደሰ አይመስለውም። በታሪክ ጥናት አንድ ዐዋጅ የታወጀበት ቀንና በየአውራጃው የደረሰበት ቀን ተለይተው እንዲጻፉ መምህራኖቻችን ዘወትር ያሳስቡናል፤ እዚህም ያው ነው።

ተመሳሳይ ነገር በሁለተኛ ጊዜ ደረሰ፤ ሁለተኛው በእኛ አስተያየት ከመጀመሪያው ይልቅ ያስተምራል። ኦርግ ጸሐፊው ለአንድ አውጪ ብቻ የሚሆን ጥሬ ኮድ በድርሰቱ መካከል እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ቀድሞ ይህ ሲደረግ «ቢጊን ኤችቲኤምኤል» በሚል መስመር ተከፍቶ «ኤንድ ኤችቲኤምኤል» በሚል ይዘጋ ነበር፤ ለላቴክም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ኮድ ወደ ድረ ገጽ ሲወጣ ሳይነካ ያልፋል፤ ወደ መጽሐፍ ሲወጣ ግን ይዘለላል። በኖቬምበር 2016 የወጣው ኦርግ 9.0 ይህን አጻጻፍ ሻረና «ቢጊን ኤክስፖርት» ካለ በኋላ የአውጪውን ስም እንዲያስከትሉ አዘዘ። የተሻረው አጻጻፍ ግን ስሕተት ተብሎ አልተከለከለም። ኦርግ ቀድሞውንም ጸሐፊው የፈለገውን ስም ሰጥቶ የሚከፍተው ልዩ ክፍል የሚባል ነገር ስለ ነበረው፥ አሮጌው «ቢጊን ኤችቲኤምኤል» ከዚያ ወዲያ ኤችቲኤምኤል የሚባል ስም ያለው አንድ ልዩ ክፍል ሆኖ ይቈጠር ጀመር። ውጤቱ ምን ሆነ? በውስጡ ያለው ኮድ እንደ ተራ ጽሑፍ ተቈጥሮ ከነማዕዘን ምልክቶቹ በገጹ ላይ ታትሞ ይታያል። «ቢጊን ላቴክ» ብሎ የጻፈውም ሰው በመጽሐፉ በኩል ላቴክ ራሱ «በዚህ ስም የሚታወቅ አካባቢ የለኝም» ብሎ ሥራውን ያቆምበታል፤ በድረ ገጹ በኩል ደግሞ እስከዚያ ድረስ ተሰውሮ የኖረው የላቴክ ትእዛዝ ለአንባቢ ይገለጣል።

ለውጡ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ በተንታኙ ክፍል ዘንድ ነው። በአሮጌው አጻጻፍ «ኤችቲኤምኤል» የሚለው ቃል የአውጪ ስም ይሁን ወይስ ጸሐፊው ያወጣው ስም ይሁን ከጽሑፉ ብቻ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በዚያ ሰዓት የትኞቹ አውጪዎች ተጠርተው እንደ ተገኙ በማየት ነበር። አንዱ ፋይል በሁለት ማሽኖች ላይ ሁለት ዐይነት ዛፍ ሊያበቅል ይችላል ማለት ነው። ዐዲሱ አጻጻፍ ያንን በመሣሪያው ልብ ውስጥ የነበረውን ዕውቀት አውጥቶ በፋይሉ ላይ ጻፈው። ሠራተኞቹም የለውጡን ማስታወቂያ ሲያወጡ አሮጌዎቹን ክፍሎች የሚያርም ትንሽ ፕሮግራም አብረው ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ የኢማክስ ዕትሞች ከዚህ ጋር እኩል አልሄዱም። በሴፕቴምበር 2016 የወጣው ኢማክስ 25 ገና ኦርግ 8.2ን እንደ ያዘ ነበር፤ በሜይ 2018 የወጣው ኢማክስ 26.1 ግን በአንድ ጊዜ ኦርግ 9.1ን አመጣ። ማስታወቂያው ከወጣ አንድ ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ በብዙ ጸሐፊዎች ቤት ለውጡ ገና እንግዳ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ? ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት መንገድ ከእኛ የታሪክ ትምህርት ብዙም የራቀ አይደለም። ምስክሮችን መለየት፥ እያንዳንዱን ለብቻው መጠየቅ፥ ከዚያ ማመሳከር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚሠራው ዕትም የትኛው ነው የሚል ይሁን። ይህ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ቀላል ግን አይደለም። ሰውዬው ዐዲሱን ኦርግ ለብቻው ሲያስገባ ከኢማክስ ጋር የመጣው አሮጌው ኦርግ አስቀድሞ በማሽኑ አእምሮ ውስጥ ተከፍቶ ከሆነ፥ ከፊሉ ክፍል ካሮጌው ከፊሉም ካዲሱ ይሆንና ሁለቱ ተቀላቅለው ይሠራሉ። እንዲህ ባለው ቅልቅል የሚወጣ ገጽ የማንኛውም ዕትም ገጽ አይደለም፤ የትኛውንም የመምሪያ መጽሐፍ ቢያነብቡ አይገለጥም። ደግነቱ ኦርግ ዕትሙን በትእዛዝ ሲጠየቅ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትንም ቦታ ይናገራል፤ ቅልቅልም ካለ ቅልቅል መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። መድኃኒቱ ኢማክስን ዘግቶ፥ ኦርግ የሚባል ነገር ሳይከፈት ዐዲሱን ከመጀመሪያው ማስገባት ነው።

ሁለተኛው ምስክር የጸሐፊው የራሱ መነሻ ፋይል ነው፤ እርሱን ለጊዜው ከችሎቱ ማስወጣት ይገባል። ኢማክስ የግል ማስተካከያዎችን ሁሉ ትቶ ባዶውን እንዲነሣ የሚያደርግ ትእዛዝ አለው። ድርሰቱ በባዶው ኢማክስ ተስተካክሎ ከወጣ ጥፋቱ በመነሻ ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ያኔ ከ8.0 ወዲህ የተሻሩትን ስሞች እዚያ መፈለግ ነው። በባዶውም ከተበላሸ ጥፋቱ በድርሰቱና በዕትሙ መካከል ነው ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን እርምጃ ይዘሉታል፤ የራሳቸውን ማስተካከያ እንደ ራሳቸው እጅ ስለሚያምኑት ይመስለናል።

ወደ መጽሐፍ ገጽ የሚወጣ ድርሰት ሁለት ደረጃ ማለፉንም መርሳት አይገባም፤ ኦርግ ተራውን ጽሑፍ ወደ ላቴክ ይለውጣል፤ ላቴክ ደግሞ ወደ ገጽ። በመካከል ያለው የላቴክ ፋይል ተከፍቶ ሊነበብ የሚችል ስለ ሆነ እርሱን መመልከት የጥፋቱን አውራጃ ወዲያው ይለያል። የሥዕሉ ስፋት በመካከለኛው ፋይል ውስጥ ከሌለ ኦርግ አልሰማም ማለት ነው፤ ካለና ገጹ ላይ ካልታየ ነገሩ የላቴክ ነው። አሮጌው ዕትም በሌላ ማሽን ላይ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ድርሰት በሁለቱም አውጥቶ መካከለኛዎቹን ፋይሎች መስመር በመስመር ማመሳከር ይቻላል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ዲፍ የሚባለው ፕሮግራም በቤል ቤተ ሙከራ በ1970ዎቹ የተሠራ ነው። የሚሠራው ሥራ የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ ሁለት ቅጂ ጐን ለጐን ዘርግቶ የንባብ ልዩነት እንደሚለቅመው ነው፤ ልዩነቱን ያሳያል፤ የትኛው ንባብ ትክክል እንደ ሆነ ግን የሚፈርደው አንባቢው ነው። ምስክሮቹ ሁሉ ተጠይቀው ጥፋቱ ካልታወቀ ድርሰቱን ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን ግማሽ ማውጣት፥ የተበላሸውንም ግማሽ እንደገና ለሁለት መክፈል ነው። ሺሕ መስመር ያለው ድርሰት አሥር ጊዜ ያህል ቢከፈል ጥፋቱ ያለበት አንድ መስመር ላይ ይደረሳል።

ከዚህ ሁሉ ድካም ይልቅ ወደ አሮጌው ዕትም መመለስ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ድርሰቱን በሳምንት ውስጥ ማስረከብ ያለበት ተማሪ ቢመለስ አንፈርድበትም። ሆኖም አሮጌው ዕትም ለዘላለም ከዐዲስ ኢማክስ ጋር አይስማማም፤ የተመለሰ ሰው ችግሩን ያስተላልፋል እንጂ አይፈታውም፤ ባስተላለፈም ቍጥር በአንድነት የሚወርዱበት ለውጦች ይበዛሉ። የ2018ቱ ነገር ምስክር ነው።

ኦርግ የመረጠው መንገድ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ ለማሳየት ከታላቁ ጎረቤቱ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ዶናልድ ክኑት በ1977 የመጽሐፉን የሁለተኛ ቅጽ ዐዲስ ዕትም ማረሚያ ገጾች አይቶ በፊደሉ መልክ ስላዘነ ቴክ የሚባለውን የማተሚያ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ቴክ በ1978 ታየ፤ በ1982 እንደገና ከሥሩ ተጻፈ። በ1989 በተለይ የአውሮጳ ተጠቃሚዎች 128 ምልክት ብቻ የሚያነብብ ፕሮግራም ለቋንቋዎቻቸው አይበቃም ስላሉ ክኑት ወደ 256 ሊያሰፋው ተስማማ፤ ሦስተኛው ዕትምም በ1990 ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን በሩን ዘጋ። ስሕተት ካልተገኘ በስተቀር በቴክ ላይ ምንም እንደማይጨመር አስታወቀ፤ የዕትሙም ቍጥር በየእርማቱ አንድ አኃዝ እየተጨመረበት ፓይ ወደሚባለው የክበብ ቍጥር እንዲቀርብ አደረገ። በ2021 የወጣው እርማት 3.141592653 ይባላል። ክኑት ሲሞት ቍጥሩ ፓይ ራሱ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የቀረ ስሕተት ሁሉ የፕሮግራሙ ጠባይ ተብሎ ይኖራል። ቴክ ነኝ የሚል ፕሮግራም ሁሉ ክኑት ያዘጋጀውን አንድ አስቸጋሪ መፈተኛ ጽሑፍ ማለፍ አለበት። ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም። ለሚያድግ መሣሪያ ግን ይህ መንገድ አይሆንም፤ ዕድገቱ ሁሉ በቴክ ላይ ለቆሙት ለሌሎቹ ተተወ።

ከነዚያ አንዱ ላቴክ መካከለኛውን መንገድ ያዘ። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ የጻፈው ላቴክ በ1994 በዐዲስ ዕትም ሲተካ፥ ፋይሉ በድሮው የመክፈቻ ቃል ከጀመረ ዐዲሱ ዕትም እንደ ድሮው ሆኖ እንዲያነብበው ተደረገ። በ2015 ደግሞ ጸሐፊው በፋይሉ ራስ ላይ ቀን ጽፎ የዚያን ቀን ላቴክ እንዲጠራ የሚያስችል መንገድ ተጨመረ። እንዲህም ሆኖ ዝምተኛውን ለውጥ ማምለጥ አልተቻለም። ላቴክ በኤፕሪል 2018 ፊደል የሚነበብበት ስልት ካልተነገረው ዩቲኤፍ 8 በተባለው ስልት እንዲያነብብ ተወሰነ። የድሮውን የምዕራብ አውሮጳ የፊደል ስልት ተጠቅመው ስሙን በፋይሉ ላይ የጻፉ ሰዎች ምንም አልደረሰባቸውም። ያንኑ ስልት ተጠቅመው ስሙን ሳይጽፉ ያለፉት ግን ዘዬ ያለበት ፊደል በተገኘበት ቦታ ሁሉ የስሕተት ማስታወቂያ አገኙ። ከኦርግ ታሪክ የተገነዘብነውን ይህ ያጸናዋል፤ ዕድሳት ከሁሉ በፊት የሚነካው በፋይሉ ላይ ያልተጻፈውንና በልማድ የኖረውን ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ፊደል የሩቅ ወሬ አይደለም። የግእዝ ፊደል ሰባቱን ቤትና ዲቃሎቹን አኃዙንም ጨምሮ ከ256 ስለሚያልፍ በቴክ የሰፋው ሠንጠረዥ ውስጥ እንኳ በአንድ ላይ አይገባም ነበር። በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ለላቴክ በተዘጋጀው የግእዝ ጥቅል ጸሐፊው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ መሣሪያው ሲያወጣው ወደ ፊደል ይለውጠዋል። በጽሕፈት ማሽኖቻችንም ላይ በዚያው ዘመን የላቲንን ቍጥሮች ወስደው የግእዝን መልክ ያለበሱ ልዩ ልዩ የፊደል ቅርጾች ይሠራባቸው ነበር፤ አንዱ አዘጋጅ «ሀ»ን ባስቀመጠበት ቍጥር ሌላው ሌላ ፊደል ያስቀምጥ ነበር። ዩኒኮድ በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ለግእዝ ፊደል የራሱን ቍጥር ሰጠው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ የአማርኛ ፋይል «ሀ» መሆኑን ራሱ ይናገራል። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን የትኛው የፊደል ቅርጽ እንደ ተጻፈበት ካልታወቀ በስተቀር ሲከፈት የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል፤ ትርጕሙ በሌላ ቦታ ስለ ነበረ ነው።

በዚህ ምክንያት የመመረቂያ ድርሰቱን በተራ ጽሑፍ የሚጽፍ ባልንጀራችን የኢማክሱንና የኦርጉን ዕትም ቍጥር፥ የወጣበትንም ቀን በድርሰቱ ራስ ላይ እንዲጽፍ፥ ከወጣው ገጽ ጋርም መካከለኛውን የላቴክ ፋይል ለቤተ መጻሕፍት እንዲያስረክብ ብንመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮከብ የሚያመለክተውን በፋይሉ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ በየትኛው መሣሪያ እንደ ተነበበ ግን በአንድ መስመር ሊጻፍ ይችላል። ለውጡን በኋላ ለሚመረምር ሰው ደግሞ የኦርግ ሠራተኞች የየዕትሙን ዜና የጻፉበት ረዥም ፋይል አለ። የቀድሞውን ፋይል የሚያበላሹት ለውጦች በየዕትሙ ራሳቸውን በቻሉ አርእስቶች ሥር ተዘርዝረዋል፤ አጻጻፉም ኮከብና ጭረት ያለበት የኦርግ ተራ ጽሑፍ ነው።